ለቡታጅራ እግር የመጣ የበረሃ ቅብ

የቡታጅራ ነዋሪ እግሩ እየተቃጠለ መሆኑን ያወቀው በኅዳር መጀመሪያ በየቤቱ በታደለ ደብዳቤ ነው። የግቢ ምቾት ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያረፈበት ይህ ደብዳቤ፣ በሲሚንቶ የተለሰኑ ግቢዎች በቀትር ፀሐይ የሚያስከትሉትን «ዘርፈ ብዙ የእግር ችግር» ለመቅረፍ፣ ለሞቃታማ በረሃማ አካባቢዎች የተመረተ መከላከያ ቅብ ወደ ከተማው መግባቱን ያበስራል።

ከድጄ ደብዳቤውን ባሏ ከማሉ ሁለት ጊዜ እንዲያነብላት አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። ደህና ነው።

«አንተ፣ ግቢያችን እግርህን አቃጥሎህ ያውቃል?»

«እኔ ጫማ አለኝ» አለ ከማሉ።

ከድጄ የበርበሬ ነጋዴ ናት። በየዓመቱ ከመስቃን ገበሬዎች እርጥቡን ዛላ ትገዛለች፣ ግቢዋ ላይ አስጥታ ታደርቃለች፣ ሲደርቅ ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ግቢዋን ያስለሰነችው ልትንሸራሸርበት አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንዲግልላት ነው። የጋለ ሊሾ በአምስት ቀን ዛላውን ኮሽ ኮሽ ያሰኘዋል። ዘንድሮ አሥራ ሁለት ኩንታል ገዝታለች። የቤቱ የዓመት ቀለብ፣ የልጆቹ ትምህርትና የከማሉ የመድኃኒት ወጪ እዚያ አሥራ ሁለት ኩንታል ውስጥ ነው።

የቅቡ ታሪክ አጭር ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ በኃይሉ ባለፈው ክረምት ስለ ከተማ ውበት በተጠራ ስብሰባ ላይ ለመካፈል ወደ አንድ የበረሃ አገር ሄደው፣ በሆቴሉ መዋኛ ዳር በባዶ እግራቸው ቆሙ። ወለሉ አላቃጠላቸውም። ለምን እንዳላቃጠላቸው ቢጠይቁ ቅቡን አሳዩአቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቡታጅራ ሕዝብ እግር ከሐሳባቸው አልወጣም።

ቀቢዎቹ ከድጄ ቤት የደረሱት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ባልዲዎቹ ላይ ግመልና ትልቅ ፀሐይ ተስሏል። ብርድ ስለነበር ሥራው በጃኬት ተጀመረ። አቶ በኃይሉ ራሳቸው ተገኝተዋል፤ ሩቲ የምትባል ወጣት መሐንዲስም አብራቸው አለች። በእጇ በኮሮና ጊዜ ግንባር ላይ ትደቀን የነበረችውን ዓይነት የሙቀት መለኪያ ይዛለች።

«አቶ በኃይሉ» አለች ከድጄ፣ «እኔ ይህን ሊሾ ያስለሰንኩት እንዲሞቅልኝ ነው።»

«ወይዘሮ ከድጄ፣ ሙቀት ችግር ነው።»

«ለማን?»

«ለእግር።»

«በርበሬ እኮ እግር የለውም።»

አቶ በኃይሉ ማስታወሻቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «የጥናቱ ትኩረት ሰው ነው» አሉ። «በርበሬን የሚመለከተው ግብርና ነው።»

ግቢው ተቀባ። ነጭ ሆነ፤ ዓይን ያጭበረብራል። በማግስቱ ቀትር ላይ ሩቲ መለኪያዋን ደቀነች። ከመቀባቱ በፊት አርባ ሰባት የነበረው አሁን ሃያ ስምንት ሆኗል። አቶ በኃይሉ የቀቢዎቹን እጅ አንድ በአንድ ጨበጡ።

ከድጄ ሌላ ግቢ የላትም። በርበሬዋን እዚያው አሰጣች። በአምስተኛው ቀን ዛላው ከገበሬው እጅ እንደመጣ ለስላሳ ነበር። በሰባተኛው ቀን ከማሉ ጠዋት ወጥቶ ሲያገላብጥ ቆየና ተመለሰ።

«ነጭ ሆኗል» አላት።

«ወለሉ ነጭ መሆኑን መቼ አጣሁት?»

«በርበሬው።»

ከድጄ የሻገተውን ዛላ በፌስታል ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። የቅሬታ መቀበያ መስኮት ላይ አንድ ቅጽ ሰጧት። በቅጹ ላይ አራት አማራጮች አሉ፦ ተሰነጠቀ፣ ተላጠ፣ ደበዘዘ፣ አቃጠለ።

«በረደ የሚል የለውም?» ብላ ጠየቀች።

«እናቴ፣ መብረዱ ቅሬታ አይደለም» አላት ጸሐፊው። «ውጤት ነው።»

ከግርጌ «ሌላ» የሚል ክፍት ቦታ ስለነበር እዚያ ላይ በርበሬዬ ሻገተ ብላ አስጻፈች። ጽሕፈት ቤቱ ከተቋቋመ ወዲህ «ሌላ» የሚለውን የሞላ ሰው ስላልነበረ ኮሚቴ ተዋቀረ።

አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በሦስተኛው ቀን መጣ። በሩ ላይ ጫማና ካልሲ አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ጠቀለል አደረጉ፤ በርበሬውን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ ካገኙ በኋላ በባዶ እግራቸው ቆሙ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

«ነፍስ ያሳርፋል» አሉ በመጨረሻ።

«የሻገተውን አያዩልኝም?» አለች ከድጄ።

«አይተናል። ቅቡ እርጥበትን እንኳ ሳይቀር እንደሚጠብቅ በቃለ ጉባኤ ይያዛል።»

የኮሚቴው ውሳኔ በሳምንቱ መጨረሻ ደረሳት። የከድጄ ግቢ የከተማው ሞዴል ግቢ ሆኖ ተመርጧል። በዚህም መሠረት ከወልቂጤ የልምድ ልውውጥ ቡድን ስለሚመጣ፣ እንግዶች የሚቆሙበት ቦታ እንዲያገኙ በርበሬው ለአንድ ቀን ይነሣ።

አንድ ቀን የተባለው ሁለት ቀን ሆነ፤ እንግዶቹ መንገድ ላይ ምሳ በልተው ዘገዩ። እርጥቡ ዛላ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ቆየ። አቶ በኃይሉ ንግግር አደረጉ፤ ከድጄ በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተቀበለች፤ ሠላሳ ሁለት እንግዶችም ጫማቸውን አውልቀው ቆመው ፎቶ ተነሡ። አቶ ተሰማ የተባሉ አንድ የወልቂጤ ሽማግሌ ወደ ከድጄ ጠጋ አሉ።

«እኛ ጋም ይመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ኢንሻአላህ አይመጣም» አለቻቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከድጄና ከማሉ ጆንያዎቹን ፈቱ። ሦስት ኩንታል የሚሆነው በስብሷል። ዘጠኝ ቀርቷል። ከድጄ የምስክር ወረቀቷን ታቅፋ አቶ በኃይሉ ቢሮ ገባች።

«ይህን ይውሰዱትና ግቢዬን ይመልሱልኝ» አለች።

አቶ በኃይሉ አልተቆጡም። አስቀመጧት። ጽሕፈት ቤቱ የኅብረተሰቡን ቅሬታ እንደሚያዳምጥ ከነገሯት በኋላ ከመሳቢያቸው አንድ በራሪ ወረቀት አወጡ። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ባልዲ አለ፤ ባልዲው ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተስሏል።

«ምዕራፍ ሁለት» አሉ። «ለቀዝቃዛ አገሮች የተሠራ ሙቀት ሳቢ ቅብ። በነጩ ላይ ይደረባል። ግቢዎ ወደ አርባ ሰባት ዲግሪ ይመለሳል።»

«ፊትም አርባ ሰባት ነበር እኮ።»

«አዎ፤ ግን ያ ያለ ፕሮጀክት ነበር።»

«ነጩን ልፈቅፍቀው? ምንም ሳይቀባ ቢቀርስ?»

አቶ በኃይሉ በአዘኔታ አዩዋት። «ወይዘሮ ከድጄ፣ ምንም ሳይቀባ ለመቅረት የተያዘ በጀት የለም።»

ጥቁሩ ቅብ የሚመጣው በመጋቢት ነው። በርበሬው እስከ መጋቢት አይጠብቅም። ከድጄ ቤቷ ስትደርስ በሩ ላይ ቆማ ግቢውን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ የመጋዘኗን ቆርቆሮ ጣሪያ አየች። ዝቅተኛ ነው፤ ተዳፋቱም ገር ነው።

«ከማሉ፣ መሰላሉን አምጣ።»

ዘጠኙን ኩንታል በቅርጫት ሲያወጡ ዋሉ፤ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በጆንያ አጠሩት። በማግስቱ ዛላው መጨማደድ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ከድጄ አንዱን አንሥታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። አንድ ቀን ቀርቶታል።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ አቶ በኃይሉ፣ ሩቲና ሦስት ቀቢዎች በፒካፕ መጡ። የመጡት ለምዕራፍ ሁለት ሊመዘግቧት ነበር። አቶ በኃይሉ ግን ከመኪናው ሳይወርዱ ቀዩን ጣሪያ አዩ።

«ቆርቆሮ ነው?» አሉ።

«ቆርቆሮ ነው» አለች ከድጄ።

«ቆርቆሮ በጣም ይግላል። ከሥሩ ሰው አለ?»

«ሰው የለም። ያለው በርበሬ ነው፤ እሱም ከላይ ነው።»

«ለጊዜው» አሉ አቶ በኃይሉ። ፊታቸው በርቷል። «መጋዘናችን ውስጥ ሰማንያ ባልዲ ነጭ ቅብ ተርፎናል፤ መኪናው ላይም ጥቂት አለ። ከአርባ ዲግሪ በላይ ከሆነ በርበሬውን ዛሬውኑ እናስነሣና ጣሪያውን እንቀባዋለን። ሩቲ፣ ውጪና ለኪ።»

ቀቢዎቹ ባልዲ ማውረድ ጀመሩ። ሩቲ መሰላሉን ወጣች፤ ከድጄ ከታች ይዛላታለች። ልጅቷ መለኪያዋን ቆርቆሮው ላይ ደቀነች፣ ቁጥሩን አየች። ከዚያ አንድ ዛላ አንሥታ ነቀነቀች። ኮሽ አለ። ወደ ታች አየች፤ መሰላሉን አጥብቀው የያዙትን የከድጄን እጆች አየች።

«ስንት አለ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ሃያ ስድስት።»

«ቆርቆሮ? በቀትር?»

«ነፋስ ያገኘዋል፣ አቶ በኃይሉ።»

አቶ በኃይሉ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን አዩት። ፊታቸው ላይ እውነተኛ ሐዘን ነበር። ቀቢዎቹ ባልዲዎቹን መልሰው ጫኑ።

«ወይዘሮ ከድጄ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ፤ «በዚህኛው ልንረዳዎ አልቻልንም።»

«ግድ የለም» አለች ከድጄ። «እንደምንም እንችለዋለን።»