አጥፍቻለሁ በልና ገላግለን

እኛ ጌጃ ሰፈሮች «አጥፍቻለሁ» ለማለት የግድ ማጥፋት የለብንም። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይሰየማል፤ ማን ምን እንዳደረገ ማጣራቱ ጊዜ ስለሚፈጅ በዕድሜ የሚያንሰው ተነስቶ «አጥፍቻለሁ» ይላል፣ ሌላው «ፈጣሪ ይቅር ይበልህ» ይለዋል፣ ሁላችንም ወደየቤታችን እንገባለን። መቼም እናንተም ሳታጠፉ ይቅርታ የጠየቃችሁበት ቀን አይጠፋም። እኔ በዚህ መንገድ ስንቱን አስታርቄ ስኮራ ኖሬያለሁ።

ይህን የምለው ደግሞ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አርጅቼ ጡረታ የወጣሁት ሰውዬ ነኝ። ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹህ ሆኖ እንደሚገመት፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ፣ ዝም የማለት መብት እንዳለው በቃሌ እወጣዋለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር አውርቼዋለሁ።

ጎረቤቴ ሰይድ ብረት በያጅ ነው። ሁለት ደንበኞቹ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሲያያዙ ሊገላግል መሃል ገባ። አንደኛው ወድቆ እጁ ተሰበረና «ሰይድ ገፍትሮኝ ነው» ብሎ ከሰሰው። ሰይድ አልገፈተረውም። በመስኮቴ አይቻለሁ። ምስክር መሆን ስችል አማካሪ ሆንኩ።

በቀጠሮው ጠዋት በልደታ ማርያም በኩል ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ «ጋሼ፣ ጠበቃ ያስፈልገኝ ይሆን?» አለኝ። አቅም ከሌለህ መንግሥት ያቆምልሃል ማለት ነበረብኝ።

«ልጄ፣ ነገር አታንዛዛ» አልኩት። «ጎንበስ ብለህ አጥፍቻለሁ በል። ዳኛም ሰው ነው፣ ይራራልሃል።»

ክሱ ተነቦ ሲጠየቅ እጁን አጣምሮ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ» አለ። ዳኛዋ አልቸኮሉም። መናገር እንደማይገደድ ነግረው፣ «ገፍትረኸዋል ወይ?» ብለው ደግመው ጠየቁት። ሰይድ ዞሮ አየኝ። እኔም ከኋላ ወንበር በአንገቴ እሺ በል አልኩት።

«አዎ» አለ።

ስምንት ወር ተፈረደበት። ሱቁን አከራዩ ለጫማ ነጋዴ ሰጠው። ሚስቱ መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የተፈታ ዕለት ቤቱ እንኳ ሳይገባ እኔ ጋ መጣ። ከስቷል። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ እያለ፣ «ጋሼ፣ በእኔ ምክንያት ፍርድ ቤት አመላለስኩዎት። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ።

ያን ቃል ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ስንቱን ሳያጠፋ ያስባልኩት ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ዝም የማለት መብትም ነበረኝ፤ እሱን እንኳ አልተጠቀምኩበትም።

«ፈጣሪ ይቅር ይበልህ» አልኩት።