ጋሽ ነቁጥ እና የኢላህ ብዙ ቁጥር

ስህተት አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ማተሚያ ቤት የደረሰን ግን ለአምስት ይበቃል። ክቡር አራሚያችንን «ጋሽ ነቁጥ» እንላቸዋለን፤ አንዲት ነጥብ ከጎደለች ምሳ አይወርድላቸውም።

«መለስ እንበል!» ካሉ አለቀ፤ ሰውም ማሽንም ይመለሳል። አንዴ አንገሸገሸንና የክስ ማመልከቻ ጻፍንባቸው። ረቂቁ እጃቸው ገባ። በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ «ሦስተኛው መስመር ላይ ክሱ ላልቷል፤ አጥብቁት» ብለው መለሱልን። ሚስታቸውማ የላኩላቸው የፍቅር ደብዳቤ ታርሞ ነው የተመለሰላቸው። እንዲያም ሆኖ አገቧቸው።

አረብኛ ላይ ደግሞ ይብስባቸዋል። እኔ በሙከራ የተቀጠርኩ ተርጓሚ ሳለሁ የአረብኛ የኪስ መዝገበ ቃላት አዘጋጀሁ። «ኢላህ» አምላክ ነው፤ ሁለት ሲሆኑ «ኢላሃን»፣ ሲበዙ «ኣሊሃ»፣ ሴቷ አምላክ «ኢላሃ»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአረብኛ ሲጻፉ ፊደላቸው አንድ ነው። የምትለያቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ምልክት ናት፤ ለብዙዎቹ ከላይ፣ ለሴቷ ከታች። እሳቸው ጋ ከገባ ሳምንት ይፈጃል ብዬ ገጹን ሳላሳያቸው ማሽን ላይ ሰደድኩት።

ሺህ ቅጠል ከታተመ በኋላ «መለስ እንበል!» ተሰማ።

«ደግሞ ምን ሆነ?» አለ ሥራ አስኪያጁ እየተንደረደረ።

«አማልክቱ በሙሉ አንዲት ሴት ሆነዋል» አሉ ጋሽ ነቁጥ።

«በዚች ጭረት ነው ማሽን የሚቆመው?»

«እርስዎን በሴት ብንጽፍዎ ጭረት ነው ብለው ያልፉናል?»

ሥራ አስኪያጁ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ማን ነው ይሄን ያሳለፈው? ዛሬውኑ ይሰናበታል!»

እናቴ «ልጄ ሥራ ያዘ» ብላ ለጎረቤት አውርታ እንኳ አልጨረሰችም ነበር።

ጋሽ ነቁጥ እኔን አዩኝ። ገጹ ላይ ፊርማቸው እንደሌለ ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ዓይኔ እያየ አመለጠኝ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ አምልጣቸው አታውቅም። እሳቸውን ማን ያሰናብታል? ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረመ ሄደ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ግን ሰምቷል፤ እሳቸውም ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ነበር።

«ጋሼ፣ ስምዎን አጠፉ እኮ!» አልኳቸው።

«በስሜ አንተ ምን አገባህ?» አሉ ቀና ሳይሉ። የዚያን ቀን እንደወደድኳቸው አባቴንም የወደድኩት አይመስለኝም።

«ምን ያስቆምሃል?» አሉኝ። «ሂድና ምልክቷን ከላይ አድርጋት፤ አማልክቱ እየጠበቁህ ነው።»