አራት ባዶ ቦታ

[የሶፍትዌር ሠሪዎች ቢሮ፤ ረፋድ ላይ። ዘጠኝ ሰው ካለው ቡድን ሰባቱ ጭቅጭቁ ሰልችቷቸው «የተስማማችሁበትን እንቀበላለን» ብለው ወጥተዋል። የቀሩት ሁለት ናቸው። ሊቁ ሰሌዳው ላይ የኮድ አጻጻፍ ደንብ ይጽፋል፤ ቅጽል ስሙን ሙገሳ ነው ብሎ ተቀብሎታል። «ቀስ በል» የሚሉት ባልደረባው ሻዩን ያማስላል። ሥራ አስኪያጇ ከምሳ በፊት የሊቁን አዲስ ሥራ አይታ የቡድን መሪ ልታደርገው ነው፤ እሱም ከወዲሁ አለቃ አለቃ ይሸታል።]

ሊቁ፦ አራት አልኩህ። ከመስመሩ መጀመሪያ አራት ባዶ ቦታ ይተዋል።

ቀስ በል፦ ሁለት ቢሆንስ?

ሊቁ፦ ሁለት የሚተው ሰው ጫማውንም ሳያስር ነው ከቤት የሚወጣው።

ቀስ በል፦ እሺ፣ አራቱን ከሚቀጥለው ወር ብንጀምርስ?

ሊቁ፦ ይኸው ስንፍናህ ተናገረ። አሁኑኑ ኮድ የሚፈትሸው ፕሮግራም ላይ ጫነው። ከአራት የጎደለ አይግባ።

ቀስ በል፦ ለተሳሳተ ሰው ማሽኑ ራሱ ቢያስተካክልለትስ? አንድ ቁልፍ መጫን ነው።

ሊቁ፦ ክልክል ነው። በእጁ፣ መስመር በመስመር ያስተካክል። ጣቱ ሲያብጥ ይማራል።

ቀስ በል፦ ድንገት ለቸገረው እንኳ ትንሽ ቀዳዳ...

ሊቁ፦ እንደ ታናሽ ወንድሜ ስለማይህ ነው የምታገስህ። ለማንም ቀዳዳ የለም። ደንቡ የሚለወጠው ዘጠኛችንም ቁጭ ብለን ስንስማማ ነው ብለህ ጻፍ፤ ነገ መጥተህ እንዳትለምነኝ።

ቀስ በል፦ እርግጠኛ ነህ አይደል?

ሊቁ፦ ምን ዓይነት ፈዛዛ ነው የጣለብኝ። ጫነው።

[ቀስ በል ይጭነዋል። ስልክ ይጮኻል፤ ሥራ አስኪያጇ ናት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደምትደርስና ሥራው ገብቶ እንዲጠብቃት ትናገራለች። ሊቁ «አለቀ ይበሉት» ብሎ ይዘጋና ሥራውን ይልካል። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ይሆናል።]

ሊቁ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ቀስ በል፦ [በጣቱ እየተከተለ ያነባል] አልገባም ይላል። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባት መስመር፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ባዶ ቦታ።

ሊቁ፦ ዓይኔ እያየ? እኔ ስክሪን ላይ እኮ ሰፊ ነው።

ቀስ በል፦ ፊደሉን እጥፍ አተልቀህ ነዋ የምታየው። መነጽር አድርግ ስንልህ እምቢ አልክ።

[ሊቁ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል።]

ሊቁ፦ የኔ ወንድም፣ ያቺ ቁልፍ...

ቀስ በል፦ ተከልክላለች። ሰባቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ነው የሚመለሱት።

ሊቁ፦ ያንተ ሥራስ?

ቀስ በል፦ ገብቷል። እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አራት ነው የምተወው።

ሊቁ፦ ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ሁለት ይሁን እያልክ ያደረቅከኝ ለምንድን ነው?

ቀስ በል፦ ላንተ አዝኜ ነዋ። ኮድህን ሳየው ሁለት ነው፤ በሰው ፊት ከማሳፍርህ ደንቡን ወዳንተ ላምጣልህ ብዬ ነበር።

[ሊቁ የመጀመሪያውን መስመር በእጁ ያስተካክላል። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስድስት ይቀሩታል።]