በቅቤ የታሸ ሽቦ

እኛ ፎገራዎች ቅቤ የማያድነው ነገር አለ ብለን አናምንም። ራስ ሲያም ቅቤ፣ ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ፣ በር ሲጮህ ቅቤ። ከብታችን ስለሚታለብ ነው መሰል፣ ጥበባችንም በአመዛኙ ከመግፊያው ቅል የሚወጣ ነው። ታዲያ የድምፅ መቅረጫ ቴፕ ሲንጣጣብኝ ሌላ ምን ላደርግ ኖሯል? እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

ያኔ ወረታ አስተማሪ ነበርሁ። ቴፑን ከአዲስ አበባ የላከልኝ የእህቴ የዓለም ባል ነው፤ ለራሱም አንድ አለው። ጎተራዬን አራግፌ፣ ግድግዳውን በቁርበት ሸፍኜ «የድምፅ ክፍል» አልሁት። «ጎተራ» ብሎ የሚጠራ ጎረቤት ቢኖር ለሦስት ቀን አኮርፈው ነበር።

ዓለም ያለ ፈቃዳቸው ስላገባች አባታችን ረግመዋት ኖሯል። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ «የአባቴን እርግማን ተሸክሜ እንዴት አድርጌ እገላገላለሁ?» እያለች ታለቅሳለች። መቼም የእግዜር ሥራ ነው፣ አባባ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰንብተው ሲመለሱ የጉልበታቸው ሕመምም ቂማቸውም ለቋቸው መጡ። ደብዳቤ ልጻፍልዎ ብላቸው፣ «በአፌ የረገምሁትን በሰው እጅ አላነሣም!» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ምርቃቱን በቴፕ ቀርጬ፣ እኩለ ቀን ላይ ወደ አዲስ አበባ ለሚያልፍ የጭነት መኪና ሾፌር ልሰጠው ተስማማን።

ጧት አባባን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ቀረጽሁና መልሼ ባዳምጠው፣ የሚቆላ ሽንብራ ነው እንጂ ሰው አይመስልም። የማይክሮፎኑ ሽቦ መሰኪያው ውስጥ የሚገባበት ጫፍ ደርቆ ነው አልሁና ቅቤ ቀባሁት። በደንብ አሸሁት፤ ስስት አላውቅም። ይኸው ጭራሽ ድምፁ ጠፋ! የጎተራው ትቢያም ቅቤውን አግኝቶ ተለጠፈበት።

ሮጬ አያ ምትኩን ጠራኋቸው። አያ ምትኩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ማረሻ ሲሰበር የምንሮጥባቸው፣ ድግስ ሲኖር ግን የምንረሳቸው ሰው። ያን ዕለት አፈርሁ። እሳቸው ግን ቴፕ የሚባል ነገር አይተው ባያውቁም፣ የሽቦውን ጫፍ አገላብጠው ሳቁ።

«ጌታው፣ ይኸ ነሐስ እኮ ነው። ነሐስ ከነሐስ ሲነካካ ነው የሚግባባ፤ ቅቤውን ለራስዎ ይቀቡት» አሉኝ።

ቅቤውን በጨርቅ ጠረጉ፣ በሎሚ ፈትገው አደረቁት፣ የላላውን መሰኪያም በጉጠታቸው ጠበቅ አደረጉት። እጃቸው ይባረክ! እስከ ዛሬ ሳስታውሳቸው ሆዴ ይባባል።

የቴፑን ክር ወደ መጀመሪያው መልሼ፣ መቅረጫውን ከፍቼ «አባባ፣ ይጀምሩ» አልሁ። ከጧት ጀምረው በርጩማ ላይ ተገትረዋልና መጀመሪያ በእኔ ላይ የሆዳቸውን ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ፤ «ዓለሜ፣ እርግማኔን ምድር ይዋጠው። ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አሉ። እኔም አለቀስሁ፣ አያ ምትኩም አለቀሱ። መልሶ ለማዳመጥ ጊዜ አልነበረም፤ መኪናው ሊነሣ ሲል ደረስሁበት።

ከወር በኋላ የዓለም ደብዳቤ መጣ። በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ልጅ። እንዲህም ትላለች፦

«የአባባ ድምፅ ከአጠገቤ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ ደርሶኛል፤ ምርቃቱን ሰምቼ በደስታ አልቅሻለሁ። ከምርቃቱ በፊት አንተን የረገሙህም አንዲት ቃል ሳትጎድል ደርሶናል። ለእርግማንህ ማስነሻ የሚሆን ባዶ ክር ልኬልሃለሁ።»