ሹራብ በሳፋ

ስለ ቆሻሻ ለመማር ከረባት ያስፈልጋል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ አስሬ ሄጃለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆቴል ለሥልጠና ላከኝ። ርእሱ «የንግዱ ኅብረተሰብ ለዘላቂ ልማት ያለው ድርሻ» ይላል። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣለ። በቀስት አዞረው። ዕቃ ይመረታል፣ ይሸጣል፣ ያረጃል፣ ተመልሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። የሚጣል ነገር የለም አለን። እዚያ ለመድረስ ግን ብዙ ዓመት ይቀረናል አለ። ገረመኝ። ሰውዬው በእኛ ሰፈር አልፎ አያውቅም ማለት ነው። እኛ ጋ ሸምሱ በየማለዳው «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ ያልፋል። አሮጌ ልብስ ይወስዳል፣ አዲስ ሳፋ ይሰጣል። ክቡን አይሥለውም እንጂ በእግሩ ሲዞረው ነው የሚውለው።

የዚያን ቀን ቤት ስገባ ልጄ ታለቅሳለች። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ባለቤቴ ከሞተች ስድስት ወሯ ነበር። ልጃችን ሦስት ዓመቷ ነው። የእናቷን አረንጓዴ ሹራብ እጅጌ ጉንጯ ላይ ካላደረገች አትተኛም። «የእማዬ እጅ» ትለዋለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እሷ ስትተኛ ሌላኛውን እጅጌ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አማቴ እማማ ዘነበች ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸውን ቀብረው የልጃቸውን ልጅ የሚያዝሉ ሴት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? የሟች ልብስ ቤት ውስጥ ካለ ሐዘን አይወጣም ብለው ያምናሉ። ሌላውን ሁሉ ለነዳያን ሰጥተውታል። ሹራቡን ግን እኔ ተከላክዬ አቆይቼው ነበር። ሥልጠና ስሄድ ጊዜ አገኙ።

በሩ ላይ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቷል።

«እማማ፣ ሹራቡስ?»

«ይኸውልህ!» አሉ ሳፋውን በእግራቸው እየገፉ። «ይሄ እንኳ ልብስ ይታጠብበታል። ያ ምን ሠራ? ማስለቀስ ብቻ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ታለቅሳለች?»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ሳፋውን አቅፌ ወጣሁ። ከነከረባቴ። ሸምሱ ገርጂ እንደሚኖር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መገናኛ ታክሲ ስይዝ ወያላው «ሙሽራው፣ ሳፋውም ሰው ነው፣ ይከፍላል!» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ስቸኩል የታክሲው በር የሳፋውን ጠርዝ ሸረፈው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

የሸምሱን ግቢ ሳይ ግን፣ ለምን እዋሻለሁ፣ የመጣሁበትን ለአፍታ ረሳሁት። ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ይሄ ቡትቶስ? ትራስ ውስጥ ይገባል። ይሄ ቁልፍ የሌለው ኮትስ? ቁልፉ ሌላ ኮት ላይ ነው።

«የማይረባ ነገር የለህም እንዴ?» አልኩት ሸምሱን።

«አለኝ እንጂ! ቆሞ የሚጠይቅ ሰው» አለና ሳቀብኝ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ስለ ዕቃ አልነበረም፤ ሚስቱ ስለሞተችበት ሰው ነበር። ዋጥኩት።

ሹራቡ ሚስቱ እጅ ላይ ነበር። ክሩ የልጆች ኮፍያ ይሠራበታልና ትተረትረዋለች። ጭኗ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ድቡልቡል ክር አለ። ከሹራቡ የቀረው አንድ እጅጌ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ፊቴን አይታ «የማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። እጇ ቆመ።

«ነፍሷን ይማር! ውሰደው ወንድሜ፣ ክሩንም ጨምረህ» አለ ሸምሱ። «ግን በባዶ እጅህ አትወስደውም።» ዕቃ ያለ ልዋጭ ከቤቱ ከወጣ ገበያው ይሸሸዋል ብሎ ያምናል።

ሳፋውን ሰጠሁት።

«ጠርዙ ተሸርፏል» አለ አገላብጦ።

«ሹራቡስ አልተተረተረም?»

«በል እሺ።»

ማታ ልጄ «የእማዬ እጅ» ብላ ተቀበለችኝና ጉንጯ ላይ አድርጋው ተኛች። የቀረው የት ሄደ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ለካ ለእሷ ድሮም ሹራቡ እጅጌው ብቻ ነበር። ክሩን እማማ ዘነበች ከእጄ ተቀበሉኝ። አሸተቱት። ከዚያን ቀን ወዲህ ትራሳቸው በአንድ በኩል ከፍ ብሏል።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በሩ ላይ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቷል። ጠርዙን አየሁት። ተሸርፏል።

«ያኛው ስለጠፋ ሌላ ለወጥኩ» አሉ እማማ ዘነበች።

«በምን ለወጡት?»

«በዚያ ለሥልጠና በምትለብሰው ሱሪ። ጉልበቱ ሳስቶ ነበር።»

ሥልጠናው ሰኞ ይቀጥላል። ክቡ አሁን በደንብ ገብቶኛል። አማት የምትቆመው የትኛው ቀስት ላይ ነው ብዬ እጄን አውጥቼ ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን በየትኛው ሱሪ ልሂድ?