ማንም ያላስተማረው ማስተር ደሴ

ማንም ሳያስተምረው አዋቂ የሆነ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ራዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም ሦስት ብሎን የሚተርፈው፣ ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ አንብቦ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሾፌሩን መንዳት የሚያስተምር። ቢቸናም የራሷ ነበራት። የእሷ አዋቂ ቢላ ሠሪ ነው፤ ያውም የሚወረወር የካራቴ ቢላ።

ክቡር ማስተር ደሴ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ድረስ ሰላማዊ ሰው ነበር። የገበሬ ልጅ ነው፤ እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይመዝናል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። በ1990 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት ገብቶ የካራቴ ፊልም አየ። ፊልሙ ሲያልቅ ጎረምሶቹ አየሩን በእርግጫ እየመቱ ወጡ። ደሴ ግን መንገዱን ተሻገረና አየሁሽ ከምትባል ሴት ሻይ ቤት ተቀመጠ።

«ያ ሰውዬ የወረወራት ቢላ ለምን አየር ላይ አልተገለባበጠችም?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ! ሻይ ልቅዳልህ?»

«ሚዛን ነው። ሚዛን መሆን አለበት።» ሻዩ እዚያው ቀዘቀዘ።

በሳምንቱ ደጀን ወርዶ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ባሌስትራ የሚባለውን የመኪና ሞላ ብረት፣ የተሰበረውን፣ ለምኖ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ከሻይ ቤቱ ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ዳስ ተከራየ፤ ወናፍ ሰፋ፤ መዶሻ ገዛ። የመጀመሪያዋ ቢላ ለመወርወሪያ ያቆመውን የባሕር ዛፍ ግንድ ስትነካ እንደ ብርጭቆ ተሰባበረች። ሁለተኛዋ እንደ ማጭድ ተቆለመመች። ሦስተኛዋ ግንዱን ስታ የጎረቤት ዶሮ ቤት በር ላይ ተሰካች፤ ዶሮዎቹም ለሳምንት እንቁላል አቆሙ ተባለ። ደሴ ግን የተበላሹትን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለመጣው እንግዳ እንደ ዘመድ ያስተዋውቃቸው ነበር። «ይቺ በጣም ጠንክራብኝ ነው የተሰበረችው። ይቺ ደግሞ እሳት አልበቃትም። ቢላ እኮ ስለት አይደለም፤ ሚዛን ነው!»

የጋለ ብረት በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ የነከረ ዕለት እሳቱ ብድግ ብሎ ሁለቱንም ቅንድቦቹን ወሰዳቸው። ወር ሙሉ የተገረመ ሰው መስሎ ከረመ። አየሁሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ከዚያ ሬት ቆርጣ አምጥታ ግንባሩን ቀባችው። ስትቀባው ሳቋ እንዴት እንደቆመ ራሷም አላወቀችም።

የኋላ ኋላ ቢላዎቹ ቢላ ሆኑ። ማስተር ግን እንዲሁ አይሠራም። ደንበኛውን አስቀምጦ መዳፉን በክር ይለካል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ይጠይቃል። «ስትወረውር ትንፋሽህን ታስገባለህ ወይስ ታስወጣለህ?» ወይዘሮ ፈንታነሽ ለወጥ ቤት ቢላ መጥተው ይኸው ጥያቄ ደረሳቸው።

«ልጄ፣ ሽንኩርት ነው የምከትፈው! ምን አድርጎኝ ነው የምወረውረው?»

ሦስት ወር አስጠበቃቸው። በመጨረሻ ቢላዋን ሲጨብጡ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ያዝኳት? እጄ ላይ የለችም እኮ!» አሉ።

አንድ ቀን ፖሊስ መጣ። «ይህን ሁሉ ስለት ለማን ነው የምትሠራው?» አለ። ደሴ ወንበር አቀረበለት፣ ቢላዋን በአንድ ጣቱ ላይ አስተኛለትና ከባሌስትራው ጀመረ። ፖሊሱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ወጥቶ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «ለልምምድ ናቸው፤ ስለት የላቸውም» ብሎ ሄደ፤ ዳግመኛም በዚያ መንገድ አላለፈም።

አየሁሽ የደሴን ትምህርት ስድስት ዓመት ሰማች፤ ሰማች ከተባለ። «በቃ ደሴ፣ ደንበኛ አለብኝ» ትለው ነበር። ግን ከመዶሻው ድምፅ ብቻ ውሎው የቀናው ይሁን ያልቀናው ትለያለች። ወንድሟ ይግዛው ደግሞ በመጣ ቁጥር ፊቱን ያጠቁራል።

«ያ ቀጥቃጭ ደጅሽ ላይ ምን ይሠራል?»

ቀጥቃጭ የምትለዋ ቃል በዚያ አገር ሥራ ብቻ አትናገርም። ከማን ጋር እንደማይጋቡም ትናገራለች። የደሴ አባት በሬ ጠምደው ያረሱ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ መዶሻ በመያዙ ብቻ ግን በሰው አፍ ዘሩ ተለወጠ።

በ1996 ሞጣ ላይ ካራቴ የሚያሠለጥን ማስተር ሰማው የሚባል ሰው ከቢላዎቹ አንዷን አይቶ «ና፣ ቦታ እሰጥሃለሁ፤ ለሠልጣኞቼ ሁሉ ትሠራለህ» ብሎ ላከበት። ደሴ ወሬውን ለአየሁሽ የነገራት ቆሞ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ነው።

«ሞጣም ሻይ ይጠጣል አሉ» አላት።

አብራው እንድትሄድ መጠየቁ እንደሆነ ገባት። ይግዛው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ያያታል።

«ታዲያ ሰው የት አገር ነው ሻይ የማይጠጣው?» አለች።

ደሴ ብርጭቆውን ሳይጨርስ አስቀመጠ። ሰኞ ሄደ።

ዳሱን ጨው ነጋዴ ተከራየው። ጨው ድምፅ የለውም። የመጀመሪያውን ሳምንት አየሁሽ «እፎይ፣ ጆሮዬ አረፈ» አለች። በሁለተኛው የሞጣ ሾፌሮችን ሻይ በነፃ ማጠጣት ጀመረች። «ያንቺ ማስተር አንዱን ሾፌር ይዞ ስለ ባሌስትራው ሲያስረዳው መኪናው ሳይነሣ ዋለ» ሲሏት ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና አጠበች። ይግዛው ባለ ሱቅ የሆነ ባል አመጣላት። ጨዋ ሰው ነው፣ ሀብታም ነው። አልፈልግም አለች።

«ምን ጎደለው?»

«ዝም ብሎ ይቀመጣል።»

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በ1999 በጥር «ለማርያም ንግሥ መርጡለ ማርያም ልሳለም ነው» ብላ አውቶቡስ ተሳፈረች። ወደ መርጡለ ማርያም መታጠፊያው ላይ ተሳላሚዎቹ ሲወርዱ እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም።

ሞጣ ስትደርስ ማንንም አልጠየቀችም። ቆማ አዳመጠች፤ በመዶሻው ድምፅ ሄደች። ደሴ ጎንበስ ብሎ ይመታል፤ ጠጉሩ ሸብቷል። ቀና ሲል መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«አየሁሽ!» አለ። ስሟን ይጥራ፣ ማየቱን ይናገር፣ አልለየም።

ከዚያ ደነገጠ፤ ሲደነግጥ ደግሞ ያው ነው። ዱካ አቀረበላትና አንዷን ቢላ አንሥቶ ስለ እጀታው እንጨት ጀመረ። ከወይራ ወደ ዋንዛ፣ ከዋንዛ ወደ በሬ ቀንድ ተሻገረ። አንዴም ለምን መጣሽ አላላትም። አየሁሽ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ሰማችው። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከመናኸሪያው ተሰማ።

«ወደ ቢቸና የሚመለሰው ነው፤ የዛሬው የመጨረሻ እሱ ነው» አለ ደሴ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እንዳያመልጥሽ።»

«ይሂድ» አለች። «ለይግዛው ነገ እደውልለታለሁ። ቀጥቃጩ ጋ ነኝ፣ አልመለስም እለዋለሁ። አንተ ይልቅ ቀጥል። እሺ፣ ቀንዱስ?»

ማስተር ደሴ አፉን ከፈተ። ስለ ቀንድ የሚያውቀው ሁሉ ጠፍቶበት ነበር።