ክብርት አልቀበልም እና አረንጓዴው መስመር

በየቤተሰቡ አንድ «አልቀበልም» አለ። እኛ ቤት የለም የሚል ሰው ደህና አድርጎ ይፈልግ። ወይ ተደብቋል፣ ወይ ራሱ ነው።

የኛዋ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። ስም ነበራት፣ ቤተሰቡ ረስቶታል፤ እሷም አልተከራከረችም። በዕድሜዋ ያልተከራከረችበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እኛ ክብርት አልቀበልም እንላታለን። በአምስት ዓመቷ ክንዷን ይዘን ሐኪም ቤት ብንወስዳት፣ ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ «ተሰብሯል» አለ። አንጋጣ አየችና «አልቀበልም» አለች። ሐኪሙ ሳቀ። ጀሶውን ሊያስር ሲጠጋ ነከሰችውና ሳቁን ተወ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች በሂሳብ ፈተና ሰባ አንድ አገኘች። «አልቀበልም» ብላ አስተማሪው ቢሮ ገባች፤ ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላ ስልሳ ስምንት ይዛ ወጣች። ወረቀቱ እንደገና ሲታይ ያለአግባብ የተሰጣት ሦስት ማርክ ተገኘ። እናቷ ራሷን ይዛ «አርፈሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?» ብትላት፣ «ሰባ አንዱ ልክ አይደለም አልኩ፤ አልነበረም» አለች። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ በኋላ የመጣው ባላስደነገጠኝ።

እንዲህ ያለች ልጅ ኮሌጅ ገብታ ስፖርት አማራት። እግር ኳስ ሞከረች፤ በመጀመሪያው ቀን በቀይ ካርድ ወጣች። የመረብ ኳስ ሞከረች፤ ዳኛው ከከፍተኛ ወንበሩ ወርዶ ሄደ። በመጨረሻ ፍሪዝቢ የሚሉትን ጨዋታ አገኘች።

ነገሩ ቀላል ነው። ሳህን የመሰለች ፕላስቲክ ይወረውራሉ፤ ከባላጋራ መጨረሻ መስመር ወዲያ ያለው ክልል ውስጥ ሆኖ የቀለባት ለቡድኑ ነጥብ ያስቆጥራል። ዳኛ ግን የለም። ጨርሶ የለም። ተጎዳሁ ያለ ራሱ «ጥፋት» ብሎ ይጮኻል፤ ያኛው ወይ «እቀበላለሁ» ይላል፣ ወይ «አልቀበልም»። ካልተስማሙ ሳህኗ ወደ ወርዋሪው ተመልሳ ጨዋታው ከዚያው ይደገማል። ደንቡ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ልጅቷ ይህን ያነበበች ዕለት ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ አገሬን አገኘሁ» አለች።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የቡድኑን ማሊያ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። በችኮላ የሷን ዘጠኝ ቁጥር ዘቅዝቄ ስድስት አደረግኩት። ቡድኑ ውስጥ ሌላ ስድስት አለ። «አምጪው ልፍታልሽ» ብላት «አልቀበልም፤ በጭንቅላቴ ስተከል ዘጠኝ ይሆናል» ብላ ለበሰችው። በጭንቅላቷ ስትተከል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እውነቷን ነው፣ ዘጠኝ ይሆናል።

አሁን ወደ ክቡር ፊሽካ ልምጣ። የኮሌጁ የስፖርት ኃላፊ ናቸው፤ ፊሽካቸውን ስብሰባ ላይ እንኳ ከአንገታቸው አያወልቁም። ዳኛ የሌለው ጨዋታ ለሳቸው እንደ ስድብ ነው። የዓመቱ ውድድር ሊጀመር ሲል፣ ሜዳው ገና ጭቃ ስለሆነ በአዳራሽ ይካሄዳል ተባለና ልጆቹን ሰብስበው ነገሯቸው፦ «ከሦስቱ ጨዋታ አንዱን እንኳ ካላሸነፋችሁ፣ የማክሰኞና የሐሙስ የአዳራሽ ሰዓታችሁ ለጠረጴዛ ቴኒስ ይሰጣል።»

«አልቀበልም» አለች የኛዋ።

«ተቀበይ አትቀበይ፣ ተወስኗል።»

ያ ሰዓት ከሌለ ቡድን የለም። ሌላ መለማመጃ የላቸውም።

ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። የአዳራሹ ወለል የልጅ ደብተር ይመስላል፤ የቅርጫት ኳሱ ነጭ መስመር፣ የመረብ ኳሱ ቢጫ፣ ሌላም ምን እንደሆነ ያልገባኝ ቀይ ተደራርቧል። ለዚህ ውድድር ደግሞ በላዩ አረንጓዴ ፕላስተር ለጥፈዋል። አረንጓዴውን የረገጠ ውጭ ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ አሥራ አንድ ለአራት ተሸነፉ። በሁለተኛው ሳህኗ ጣሪያው ብረት ላይ ተሰቅላ ቀረች፤ የኛዋ ከጣሪያውም ጋር ሳትከራከር አልቀረችም። ዘጠኝ ለስድስት ተሸነፉ።

ሦስተኛው ከነርሶቹ ኮሌጅ ጋር ነበር። አምበላቸው መሰላል የምትባል ረጅም ልጅ ናት፤ እጇን ስትዘረጋ አዳራሹ ይጠብባል። ሰባት ለሰባት ሳሉ ሰዓቱ አለቀ፤ ቀጣዩን ነጥብ ያገኘ ሊያሸንፍ ሆነ። ከኛ በኩል አንዱ ከግራ ጥግ ወረወረ። ሳህኗ ጎበጥ ብላ ሄደች፣ ክብርት አልቀበልም እንደ ድመት ተወርውራ ከወለሉ አንድ ጣት ሲቀራት ቀለበቻት። ቁጥሯ ዘጠኝ ሆነ።

አዳራሹ ተናወጠ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አግዳሚው ላይ ቆሜያለሁ። ክቡር ፊሽካ እንኳ አጨበጨቡ።

እሷ ተነስታ የጫማዋን ጫፍ አየች፤ ከዚያ መስመሩን።

«ውጭ ነበርኩ» አለች።

መሰላል ቀረብ አለች። «አይደለሽም። አጠገብሽ ነበርኩ፤ ውስጥ ነሽ።»

«አልቀበልም።»

«አንቺ ልጅ፣ አሸነፍሽ እያልኩሽ እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ። እግሬ መጀመሪያ አረንጓዴውን ነው የነካው። አልቀበልም።»

«ኧረ በናትሽ» አለ ወርዋሪው ከወዲያ፣ «ዛሬን ብቻ ተቀበዪ።»

አልተቀበለችም። ካልተስማሙ ሳህኗ ወደ ወርዋሪው ትመለሳለች፤ ደንብ ነው። ተመለሰች። ልጁ ተጣድፎ ወረወረ። መሰላል እጇን ዘረጋች፣ ሳህኗን ከአየር ላይ ለቀመቻት፣ በሦስት ቅብብል አስቆጠሩ። ሰባት ለስምንት። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኳት። ደሜ ፈልቷል።

«ምን ነካሽ? ባላጋራሽ እንኳ መሰከረችልሽ!»

ጫማዋን እየፈታች ቀና አለች። «አክስቴ፣ ያላገባሁትን አገባሁ ብዬ ከተቀበልኩ፣ ማክሰኞ ሰዓታችሁን ወሰድኩ ሲሉኝ በምን አፌ አልቀበልም እላለሁ?»

የተናደድኩበትን ረሳሁት።

ማክሰኞ አዳራሹ በር ላይ ተገናኘን። አሥሩም ልጆች መጥተዋል። መሰላልም ወሬውን ሰምታ በነጭ ጋወኗ፣ ከትምህርቷ ጠፍታ መጥታለች። ክቡር ፊሽካ በሩ መሀል ቆመዋል፤ ከኋላቸው አራት የቴኒስ ጠረጴዛ እንደተጣጠፈ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ተሸንፋችኋል» አሉ።

«ተሸንፈናል። እሱን እንቀበላለን» አለች የኛዋ። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ሰዓታችን መወሰዱን ግን አልቀበልም። የማይቀልብ እንጂ የማይለማመድ ቡድን አይደለንም።»

«ክርክር የለም።»

«እንግዲያው እንቆማለን።» አሥሩም ቆሙ። መሰላልም ቆመች፤ እሷ ስትቆም ይታያል።

ክቡር ፊሽካ ዞር ዞር ብለው ትልቅ ሰው ፈለጉ፤ ያገኙት እኔን ነው። «እርስዎ ዘመድ ነዎት መሰለኝ። እባክዎ ይምከሯት፤ እሺ ትበል።»

እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ያልኩ ሰው ነኝ። እጅጌው አጠረ ሲሉኝ እሺ፣ ረዘመ ሲሉኝ እሺ፣ ራሳቸው ወፍረው አጠበብሽው ሲሉኝ እሺ። ልጅቷን ልመክር አፌን ከፈትኩ። «ልጄ» አልኩ። ማሊያዋን አየሁት፣ የዘቀዘቅኩት ቁጥር እዚያው ነው፤ ክሩ አልላላም።

«አልቀበልም» አልኩ፣ ወደ ክቡር ፊሽካ ዞሬ።

ክቡርነታቸው ፊሽካውን ወደ አፋቸው አነሱት፤ ከዚያ ማን ላይ እንደሚነፋ የጠፋቸው ይመስል መልሰው ለቀቁት። ከበሩም ፈቀቅ አሉ። «ለዛሬ» አሉ።

ልጆቹ ገቡ። ሐሙስም ገቡ፤ በሩ ላይ ያው ክርክር፣ ያው «ለዛሬ»። የሚመጣው ማክሰኞም እንቆማለን፣ ቀድሜ ሱቄን እዘጋለሁ። በየቤተሰቡ አንድ አለ ብዬ ነበር የጀመርኩት። እኛ ቤት ሁለት ሆነናል።